5 ከ4 የማይሻልበት ቦታ፦ የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት አመራረጥ

መደርደሪያ ላይ ሁለት ጠርሙስ የማርሽ ዘይት ጎን ለጎን ቆመዋል። የሁለቱም የውፍረት ቁጥር 75ደብሊው-90 ነው። አንዱ «ጂኤል-4» ይላል፣ ሌላው «ጂኤል-5»። ሻጩ ሳያቅማማ «ባለ 5ቱን ውሰድ፤ አዲሱ እሱ ነው» ይላል። ገዢውም ይዞ ይሄዳል።

ሻጩ ሆን ብሎ አልዋሸም። ከሞተር ዘይት ያመጣው ልማድ ነው። ሞተር ዘይት ላይ ኤስፒ የሚለው አዲሱ ክፍል አሮጌውን ኤስኤን ይተካል፤ አዲሱ የአሮጌውን ሥራ ሁሉ ይሠራል። የማርሽ ዘይት ላይ ግን ከ«ጂኤል» ቀጥሎ ያለው ቁጥር የሚናገረው ዘይቱ ለምን ዓይነት ጥርስ እንደተሠራ ነው። ከፍ ያለው ቁጥር ለአንዱ ዕቃ መድኃኒት፣ ለሌላው ቀስ ብሎ የሚሠራ መርዝ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ በታች ያለው ለማንዋል ካምቢዮ ነው። የአውቶማቲኩ ነገር ሌላ ስለሆነ አንገባበትም።

1. መጀመሪያ መኪናው ስንት ቦታ ዘይት እንደሚይዝ እወቁ

ሞተሩ አግድም የተቀመጠ፣ በፊት ጎማ የሚነዳ መኪና አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቤት ብቻ ነው ያለው። ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው) አንድ ዘይት ይጋራሉ። በኋላ ጎማ የሚነዳው ሁለት አለው፦ ካምቢዮ ከፊት፣ ዲፈረንሻል ከኋላ። ባለ አራት ጎማ ነጂው ደግሞ አራት ሊደርስ ይችላል፦ ካምቢዮ፣ ትራንስፈር (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው)፣ የፊት ዲፈረንሻል፣ የኋላ ዲፈረንሻል። እያንዳንዱ የራሱ ብሎን፣ የራሱ መጠን፣ ብዙ ጊዜም የራሱ ዘይት አለው። «የማርሽ ዘይት ቀይርልኝ» ብሎ ለጋራዥ ትቶ መሄድ ችግር የሚያመጣው ለዚህ ነው። የትኛውን? በምን?

ለየት ያሉም አሉ። ሱባሩ ማንዋል ላይ የፊት ዲፈረንሻሉ ከካምቢዮው ጋር አንድ ቤት ውስጥ ነው። ጥርሱ ደግሞ ሃይፖይድ የሚባለው ነው (ምን እንደሆነ ቁጥር 3 ላይ እናያለን)። ስለዚህ አምራቹ ለሁለቱም ጂኤል-5 ያዛል። «ካምቢዮ ሁልጊዜ ጂኤል-4 ነው» ብሎ የሚምል ሰው ሲያጋጥማችሁ ይህችን አስታውሱት።

2. የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ክፈቱ

መጽሐፉ መጨረሻ አካባቢ የዘይቶች ሠንጠረዥ አለ። ከእያንዳንዱ ቤት ትይዩ ሦስት ነገር ጻፉ፦ የአገልግሎት ክፍሉን (ጂኤል-4 ወይም ጂኤል-5)፣ የውፍረት ቁጥሩንና የሚይዘውን ሊትር። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኪሳችሁ ክተቱ። ሱቅ ቆሞ በትዝታ መግዛት አያዋጣም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደነቅበት ነገር አለ። አንዳንድ ማንዋል ካምቢዮ የማርሽ ዘይት ጨርሶ አይፈልግም። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ፈሳሽ የሚጠጡ አሉ። ሞተር ዘይት የሚጠጡም አሉ። ሆንዳ ለማንዋል ካምቢዮው የራሱን ኤምቲኤፍ የሚባል ቀጭን ዘይት ያዛል፤ ካልተገኘ ለጊዜው 10ደብሊው-30 ሞተር ዘይት እንዲገባ የሚፈቅዱ መመሪያዎችም አሉት። እንዲህ ያለ ካምቢዮ ላይ ወፍራም 90 ስታስገቡ ማርሹ ጠዋት ጠዋት እንደ ድንጋይ ይከብዳል።

መጽሐፉ ከጠፋ የአምራቹ ድረ ገጽ ላይ በሞዴልና በዓመት ፈልጉ። የካምቢዮው አካል ላይ የተለጠፈ ወይም የተቀረጸ ኮድም ይረዳል። ያው መኪና በተለያየ ዓመት የተለያየ ካምቢዮ ሊገጠምለት ስለሚችል የመኪናው ስም ብቻውን አይበቃም።

3. ጂኤል-4 ወይስ ጂኤል-5

ዋናው ነገር እዚህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

የተለመደውን የኋላ ዲፈረንሻል አስቡት። ፒኞኑ (ኃይሉን የሚያመጣው ትንሹ ጥርስ) ኮሮናውን (ትልቁን ክብ ጥርስ) የሚያገኘው መሐል ለመሐል አይደለም፤ ዝቅ ብሎ ነው። ሃይፖይድ የሚሉት ይህን ነው። ፓካርድ እ.ኤ.አ. በ1926 መኪናው ላይ ካዋለው በኋላ ሌሎቹም ተከተሉት። ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ ዝቅ ስለሚል የመኪናው ወለልም ዝቅ ይላል። ድምፁም ይቀንሳል። ግን ዕዳ አለበት። ጥርሶቹ ሲገናኙ መንከባለል ብቻ ሳይሆን፣ ተጫጭነው በቁመታቸው ይንሸራተታሉ። መዳፍን ከመዳፍ ጋር አጥብቆ እንደማፋተግ ነው። በዚያ ጫና ተራ ዘይት ከመሐል ተጨምቆ ይወጣና ብረት ብረትን ይነካል።

ለዚህ ነው የማርሽ ዘይት ውስጥ የሰልፈርና የፎስፈረስ ውህዶች የሚጨመሩት። ያ ጠርሙሱን ስትከፍቱ አፍንጫ የሚወጋው ሽታ ከሰልፈሩ ነው (ልብስ ላይ ከፈሰሰ ደግሞ ቶሎ አይለቅም)። ጥርሶቹ ሲፋተጉ በሚግለው ነጥብ ላይ ኬሚካሉ ከብረቱ ጋር ተዋህዶ ስስ ሽፋን ይሠራል። በብረቱ ፋንታ የሚፋቀው ሽፋኑ ነው። ጂኤል-5 ከዚህ ኬሚካል ከጂኤል-4 በግምት እጥፍ ይይዛል።

አሁን ወደ ካምቢዮው እንምጣ። ማርሽ ስትለውጡ ሲንክሮናይዘር የሚባል ቀለበት አለ፤ ብዙ ጊዜ ከነሐስ ነው የሚሠራው። ሊገባ ባለው ማርሽ ሾጣጣ ትከሻ ላይ ይጫናል። ይፋተጋል። የሁለቱን ፍጥነት እኩል ያደርጋል። ማርሹ «ጠቅ» ብሎ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ቀለበቱን አውጥታችሁ ውስጡን ብታዩት ቀጫጭን መስመሮች ዙሪያውን ተቀርጸውበታል። ሥራቸው ዘይቱን ቆርጠው ከመሐል ማስወጣት ነው፤ ዘይት በመሐል ከቀረ ቀለበቱ አይዝም፣ ይንሸራተታል።

እንግዲህ የካምቢዮ ዘይት የሚጠየቀው ሥራ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነው። ጥርሶቹን ማንሸራተት አለበት፤ ቀለበቱን ግን ማንሸራተት የለበትም።

ጂኤል-5 እዚህ በሁለት መንገድ ሊጎዳ ይችላል። አንደኛ፣ ሰልፈሩ ካምቢዮው ሲግል ነሐስና መዳብን ይበላል። በአንድ ቀን አይደለም፤ ቀስ እያለ ነው። ሁለተኛ፣ ቀለበቱ በሚፈልገው ልክ አይዝም። ያኔ ፈጥናችሁ ማርሽ ስትለውጡ «ክርርር» ይላል፤ በተለይ ወደ ሁለተኛና ወደ ሦስተኛ ስትሄዱ። ብዙ ሰው ያኔ ፍሪሲዮኑን ይጠረጥራል።

ዛሬ የሚሠሩ አንዳንድ የጂኤል-5 ዘይቶች ነሐስ የማይነካ ዓይነት ሰልፈር ይጠቀማሉ። አንዳንድ ካምቢዮም ከመጀመሪያው ለጂኤል-5 ተብሎ ተሠርቷል። ስለዚህ ጂኤል-5 ራሱ ክፉ አይደለም። ክፉው ነገር አምራቹ ጂኤል-4 ባዘዘበት ቦታ «5 ይሻላል» ብሎ መጨመር ነው።

የተገላቢጦሹ ስህተት ግን ይብሳል። ሃይፖይድ ዲፈረንሻል ውስጥ ጂኤል-4 ከገባ፣ ጭነት ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ ኮሮናውና ፒኞኑ ሊቧጨሩ ይችላሉ። የካምቢዮው ስህተት ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣል፤ ይሄኛው ላይሰጥ ይችላል። አንድ ጠርሙስ ብቻ ይዛችሁ ለሁለቱም ለማብቃቃት ካሰባችሁ፣ ተዉት።

4. ጠርሙሱ ላይ ያለውን በደንብ አንብቡ

«ጂኤል-4/ጂኤል-5» የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ሁለቱንም አሟላለሁ ማለቱ ነው። ጂኤል-5ን ለማሟላት ጫና የሚችለው ኬሚካል በዚያ መጠን መኖር ስላለበት፣ በተግባር ጂኤል-5 ብላችሁ ቁጠሩት። ነሐስ ላለው ካምቢዮ ከመጠቀማችሁ በፊት የዘይቱን የቴክኒክ መግለጫ ወረቀት ፈልጉ። የመዳብ ዝገት ፈተና የሚባል መስመር አለ፤ ኤኤስቲኤም ዲ130 ተብሎ ይጻፋል። የተወለወለ የመዳብ ቁራጭ የጋለ ዘይት ውስጥ ለሰዓታት ይነከርና ቀለሙ ይታያል። ውጤቱ 1ሀ ወይም 1ለ ከሆነ (ወረቀቱ ላይ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው) መዳቡ እምብዛም አልተነካም። 4 ላይ ሲደርስ ጠቁሯል ማለት ነው።

«ኤምቲ-1» ካያችሁ፣ እሱ ሲንክሮናይዘር ለሌላቸው የአውቶቡስና የከባድ መኪና ካምቢዮዎች ነው። በጂኤል-4 ቦታ አይገባም።

ከ«ያሟላል» እና «ይመከራል» መካከልም ልዩነት አለ። ሁለተኛው የሻጩ አስተያየት ሊሆን ይችላል። እኔ መለኪያውን በግልጽ የሚጽፈውን ጠርሙስ እመርጣለሁ። ፊቱ ላይ የስፖርት መኪና ሥዕል ኖሮ ጀርባው ላይ አንድም መለኪያ ከሌለ፣ መልሱት።

5. የውፍረቱ ቁጥር

ከ«ደብሊው» በፊት ያለው ቁጥር የብርድ ነው፤ ከኋላው ያለው የሙቀት። በብርዱ በኩል፣ 75ደብሊው እስከ -40 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ከተወሰነው ገደብ በላይ አይወፍርም። 80ደብሊው እስከ -26፣ 85ደብሊው ደግሞ እስከ -12። በሙቀቱ በኩል፣ ባለ 90 ዘይት በ100 ዲግሪ ከ13.5 እስከ 18.5 ሴንቲስቶክስ (የውፍረት መለኪያ) ነው። ባለ 140 ከ24 ይጀምራል።

«የማርሽ 90 ባለ 40 ከሆነው ሞተር ዘይት በእጥፍ ይወፍራል» የሚል ወሬ አትመኑ። የማርሽና የሞተር ዘይት ቁጥሮች የሚለኩት በተለያየ ሚዛን ነው። የማርሽ 90 ከሞተር ዘይት 40 እና 50 ጋር በውፍረት ተቀራራቢ ነው።

መጽሐፉ አሮጌ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። ቀድሞ 90 የሚባለው ክልል ሰፊ ነበር፤ ከ13.5 እስከ 24 ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2005 የላይኛው ክፍል ተቆርጦ 110 የሚል ስም ተሰጠው። ስለዚህ የድሮ መኪና ጭነት የሚበዛበት ከሆነ፣ ዲፈረንሻሉ ላይ 75ደብሊው-110 ወይም 80ደብሊው-110 ማስገባት ከመጽሐፉ መራቅ አይደለም።

ብርድ የማያውቀው አካባቢ ላይ ለዲፈረንሻል 80ደብሊው-90 እና 85ደብሊው-90 በደንብ ያገለግላሉ። ካምቢዮ ላይ ግን 75 የሚጀምረው ይመረጣል፤ ጠዋት ማርሽ ሲቀል ትሰሙታላችሁ። 85ደብሊው-140 ከባድ ጭነትና ኃይለኛ ሙቀት ላለበት ዲፈረንሻል ነው፣ ያውም መጽሐፉ ከፈቀደ።

ዲፈረንሻሉ እያፏጨ ነው ብሎ ወፍራም ዘይት መሙላት የተለመደ ነው። ድምፁን ይሸፍነዋል። ኩሽኔታው ግን መበላቱን አያቆምም። መኪና ሊሸጥ ያለ ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው፤ ስትገዙ ይህን አስቡ።

6. ዲፈረንሻሉ ሊሚትድ ስሊፕ ከሆነ

አንዳንድ ዲፈረንሻል ውስጥ አንዱ ጎማ ብቻውን እንዳይሽከረከር የሚይዙ ሳህኖች አሉ። እነዚህ ተጨማሪ የሰበቃ ማስተካከያ ያለበት ዘይት ይፈልጋሉ። ጠርሙሱ ላይ «ኤልኤስ» ወይም «ሊሚትድ ስሊፕ» ይላል፤ አለበለዚያ ማስተካከያው ለብቻው በትንሽ ጠርሙስ ይሸጣል። ተራ ጂኤል-5 ከገባ፣ ጠባብ ቦታ ላይ መሪ ጠምዝዛችሁ ስትዞሩ ከኋላ መንቀጥቀጥና «ግር ግር» ይሰማል። ቶርሰን የሚባለው በጥርስ ብቻ የሚሠራ ዓይነት ይህን አይፈልግም።

ይህንኑ «ኤልኤስ» ዘይት ካምቢዮ ውስጥ አትጨምሩ። ማስተካከያው የተሠራው እንዲያንሸራትት ነው፤ የሲንክሮናይዘሩ ቀለበት ደግሞ መንሸራተት አይፈልግም።

7. ሚኒራል ወይስ ሲንቴቲክ

መለኪያው እስከተሟላ ድረስ ሁለቱም ይሆናሉ። ሲንቴቲኩ በብርድ ይቀላል፣ በሙቀትም ይበልጥ ይጸናል። 75ደብሊው የሚጀምረው አብዛኛው ሲንቴቲክ ወይም ከፊል ሲንቴቲክ ነው። ትክክለኛ ክፍል ያለው ሚኒራል፣ የተሳሳተ ክፍል ካለው ውድ ሲንቴቲክ ይሻላል።

8. ሲቀየር

መኪናውን አሥር ደቂቃ ያህል ንዱት፤ የሞቀ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል። ደልዳላ ቦታ አቁሙ። ክሪክ ብቻ አምናችሁ ከሥሩ አትግቡ፤ የብረት መደገፊያ አድርጉለት። አራቱም ጎማ እኩል ካልሆነ መጠኑን ስትለኩ ትሳሳታላችሁ።

ከዚያ የመሙያውን ብሎን ፍቱ። የማፍሰሻውን አይደለም፤ የመሙያውን። ይህ ቅደም ተከተል ለድርድር አይቀርብም። ዘይቱን አፍስሳችሁ ካበቃችሁ በኋላ መሙያው ዝጎ አልፈታ ካለ፣ መኪናው ባዶ ካምቢዮ ይዞ እዚያው ይቀራል።

መሙያው ከተፈታ በኋላ ማፍሰሻውን ክፈቱ። ዘይቱ ሲወርድ ተመልከቱት። ጥቁር ከሆነ ቆይቷል ማለት ነው። ወተት የተቀላቀለበት ሻይ ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። ይህ ውኃ ያቋረጡ መኪኖች ላይ ይታያል፦ የጋለ ዲፈረንሻል ድንገት ሲቀዘቅዝ በመተንፈሻውና በኦይል ሲሉ (ዘይት እንዳያፈስ በሚያትመው ጎማ) በኩል ውኃ ይስባል።

የማፍሰሻው ብሎን ጫፍ ላይ ብዙ ጊዜ ማግኔት አለ። በጣታችሁ ጥረጉት። እንደ ቅባት የለሰለሰ ግራጫ ነገር ከሆነ የተለመደ መበላት ነው፤ ጠርጋችሁ መልሱት። ጣታችሁ ላይ የሚሻክር ቁራጭ ካለ፣ ወይም የጥርስ ስባሪ የሚመስል ነገር ካገኛችሁ፣ አዲስ ዘይት ከመጨመራችሁ በፊት መካኒክ ይየው። ከካምቢዮ በወጣው ዘይት ውስጥ ወርቅማ ብልጭታ ካያችሁ የነሐሱ ቀለበት ነው። ማግኔት ነሐስ ስለማይስብ እሱን የምታገኙት ዘይቱ ውስጥ ነው፤ ፀሐይ ላይ አድርጋችሁ እዩት።

ሮንዴላውን ቀይሩ። ማፍሰሻውን ዝጉ። በእጅ ፓምፕ ወይም በትልቅ ሲሪንጅ ሙሉ። አብዛኞቹ ላይ ልኩ የመሙያው ቀዳዳ የታችኛው ከንፈር ነው፦ ዘይቱ ደርሶ መንጠባጠብ ሲጀምር ይበቃል። ከመሙያው ዝቅ ያለ ልክ የሚሰጡ አምራቾችም አሉ፤ ለዚህ ነው ሊትሩን ቀድማችሁ የጻፋችሁት። ከበዛ አረፋ ይሠራል፣ በኦይል ሲልም ይወጣል። ካነሰ ከላይ ያሉት ኩሽኔታዎች ይጠማሉ። ብሎኑን በመጽሐፉ ልክ አጥብቁ፤ አሉሚኒየም ቤት ላይ ጉልበት ማሳየት ጥርሱን ይበላዋል።

ዲፈረንሻሉ አናት ላይ ያለችውን ትንሽ መተንፈሻ አትርሱ። ጭቃ ከደፈናት ሙቀቱ የፈጠረው ግፊት መውጫ ያጣና ዘይቱን በኦይል ሲል ይገፋዋል። ስንቱ ሲል በከንቱ ተቀይሯል!

የወጣውን ዘይት በጄሪካን ሰብስቡ። መሬት ላይም ሆነ ቱቦ ውስጥ አይደፋም፤ አሮጌ ዘይት ለሚሰበስብ አስረክቡ።

መቼ ይቀየር? ብዙ አምራቾች ከ40,000 እስከ 80,000 ኪሎ ሜትር መካከል ያዛሉ። ጭነት፣ ተጎታች፣ አቧራና ውኃ ካለ ወደ ታችኛው ቁጥር ተጠጉ። «ዕድሜ ልክ አይቀየርም» የሚለውን እኔ አልወደውም። የማን ዕድሜ? የመኪናው ወይስ የዋስትናው?

9. የተሳሳተው ቀድሞ ገብቶ ከሆነ

አትደንግጡ፤ ግን አታቆዩት። ካምቢዮው ውስጥ ጂኤል-5 ገብቶ ከሆነ አፍስሱና ትክክለኛውን ሙሉ። ሁሉም አይወጣም፤ ግድግዳውና ኩሽኔታው ውስጥ የተወሰነ ይቀራል። ከተወሰነ ጉዞ በኋላ ማርሹ አሁንም «ክር» የሚል ከሆነ አንዴ ደግማችሁ ቀይሩ። ማጠቢያ ነው ብሎ ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ የሚጨምር ካጋጠማችሁ አስቁሙት፤ ታች የተኛው ቅሪት አዲሱን ዘይት ያቀጥነዋል።

ሃይፖይድ ዲፈረንሻል ውስጥ ጂኤል-4 ገብቶ ከሆነ ደግሞ ጭነት ይዛችሁ አትውጡ። መጀመሪያ ይቀየር። ከተቀየረም በኋላ ነዳጅ ስትሰጡና ስትለቁ የሚለዋወጥ ጩኸት ከኋላ ከተሰማ፣ ክዳኑ ተከፍቶ የኮሮናው ጥርስ ፊት ይታይ። ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ተርፏል። በጥርሱ ቁመት የተጫረ መስመር ካለበት ግን ዘይት አይመልሰውም፤ ኮሮናና ፒኞን አብረው ይቀየራሉ።